የቅልጥም ሾርባ በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማን ዝናብ ሲይዛት ከጎረቤትም ከዘመድም የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ሾርባ ነው፤ መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ።

የአጥንት ሾርባና ቅቅል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቅቅል ላይ ዋናው ሥጋው ነው። ሥጋው ሲበስል ድስቱ ይወርዳል፤ መረቁ አጃቢ ነው። ሾርባ ላይ ግን የሚፈለገው መረቁ ነው። አጥንቱ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ይጣላል። ለዚህ ነው ቅቅል በአንድ ሰዓት ተኩል የሚደርሰው፣ የአጥንት ሾርባ ግን ግማሽ ቀን የሚፈልገው።

ብዙ ሰው ሾርባውን እንደ ቅቅል ቶሎ አውርዶ «ውሃ ውሃ አለብኝ» ይላል። ከዚያ የሾርባ ኩብ ይጨምርበታል። ኩቡ ጨው ይጨምራል እንጂ ያልወጣውን የአጥንት ጣዕም አያወጣም።

የትኛውን አጥንት ልግዛ?

ስሙ «ቅልጥም ሾርባ» ስለሆነ ሁሉም ቅልጥም ብቻ ይጠይቃል። ቅልጥም ውስጥ ያለው መቅኒ ነው፤ መቅኒ ደግሞ አብዛኛው ስብ ነው። ሾርባውን ያወዛዋል፣ ሽታውንም ያሳምረዋል። አያወፍረውም ግን። ከንፈር ላይ ለጠፍ የሚለው መረቅ የሚገኘው ከመገጣጠሚያ ነው፦ ከጉልበት፣ ከቁርጭምጭሚት፣ ከእግር፣ ከጅራት። ጅማትና ለስላሳ አጥንት ያለበት ሁሉ ቀስ ብሎ ሲበስል ይሟሟል። ሾርባውን የሚያወፍረው እሱ ነው።

እኔ 2 ኪሎ ስገዛ ግማሹን መገጣጠሚያ፣ ሩቡን ቅልጥም፣ የቀረውን ሥጋ ያልተለየው የአንገት ወይም የጎድን አጥንት አደርገዋለሁ። ሥጋው አይቅርባችሁ። የተጋጠ አጥንት ብቻውን ሲፈላ ወፍራም ሆኖ ጣዕሙ ባዶ የሆነ ሾርባ ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ባለ ሥጋ ቤቱን ለምኑት። አጥንቱን በመጥረቢያ ከሚፈልጠው በመጋዝ ይቁረጠው። በመጥረቢያ የተፈለጠ አጥንት ስብርባሪው ሾርባው ውስጥ ይቀርና ጥርስ ይሰብራል። መጋዝ ከሌለው መረቁን በጥቅጥቅ ወንፊት ማጥለል ግድ ነው።

ጅማ ላይ አጥንቱን መቼ ልግዛ?

ጠዋት። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ነው። አጥንቱ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ስቡ ያልደረቀ፣ ሽታ የሌለው ይሁን። ስቡ ወደ ቢጫ ሄዶ ከሸተተ በስድስት ሰዓት እሳትም አይድንም።

ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ አብዛኛው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ስለሆነ ክርስቲያኑ ለሾርባ ያሰበውን ቀድሞ ይያዝ። ቅርጫ የገባ ሰው ደግሞ አጥንቱ መደብ ላይ ሲከፋፈል ዝም ብሎ አይለፍ። ሁሉም ዓይኑ ሥጋው ላይ ነው። እኔ አንድ ፋሲካ «እግሮቹን ለኔ» ብዬ አራቱንም ወሰድኩ፤ ሳቁብኝ። ሾርባው ሲደርስ ግን ኩባያ ይዘው መጡ።

ለ2 ኪሎ አጥንት ምን ምን ያስፈልጋል?

4 ሊትር ያህል ውሃ፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 ካሮት፣ 1 ባሮ ሽንኩርት፣ 1 ኮረሪማ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው። መጨረሻ ላይ 8 ሰው ገደማ ያጠጣል። ድንችና ቃሪያ እንደ ምርጫችሁ።

ኮረሪማው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጅማና ከካፋ ጫካ የሚመጣ ቅመም እያለን ሌላ ቅመም ፍለጋ ሱፐርማርኬት መዞር አይገባኝም። ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥታችሁ ገና ሊጣድ ሲል ወቀጥ አድርጉት። ተፈጭቶ የከረመ ኮረሪማ ሽታው ሄዷል። ጥምዝ ካገኛችሁ ደግሞ አንዷን ሰበር አድርጋችሁ ጣሉባት። ከቁንዶ በርበሬ ረጋ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ትኩሳት አላት። ከአንድ በላይ ግን አታስገቡ፤ ሾርባው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

አሠራሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው?

አጥንቱን ለአንድ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ደሙ ይውጣ። ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ጥዳችሁ ለ10 ደቂቃ አፍሉት። ግራጫ አረፋ ይወጣል። ይሄንንም ውሃ ድፉት፤ አጥንቱንም ድስቱንም እጠቡ። «ጣዕሙን ደፋሁት» ብላችሁ አትሳቀቁ። የተደፋው ደምና ቆሻሻ ነው፤ ጣዕሙ ገና አልጀመረም።

አሁን 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ተዉት። ከፈላ ውሃ አትጀምሩ። ከቀዝቃዛ ሲነሳ የቀረው አረፋ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና በጭልፋ ይገፈፋል። መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። አንድ ሁለት አረፋ ብቅ ጥልቅ ይበል እንጂ ድስቱ አይንተክተክ። በኃይለኛ እሳት ሲፈላ ስቡ ከመረቁ ጋር ይደባለቅና ሾርባው ይደፈርሳል።

ዝንጅብሉና የሽንኩርቱ ግማሽ ከመጀመሪያው ይግቡ። ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርትና የቀረው ሽንኩርት መጨረሻው ሊደርስ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው። ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት። ጨው ከሁሉም በኋላ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል። ሾርባው ሲፈላ ውሃው ይቀንሳል፤ ጨዉ ግን የትም አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ማታ ላይ አይቀመስም። እኔ አንድ ሙሉ ድስት እንዲህ አበላሽቼ ድንች ስቀቅልበት ሰንብቻለሁ።

ስንት ሰዓት ይብሰል?

የበሬ አጥንት ከ5 እስከ 6 ሰዓት። የበግና የፍየል 3 ሰዓት ገደማ። የዶሮ 2 ሰዓት ይበቃዋል።

በረመዳን የሚሠሩት ቤቶች ሰዓቱን ሳያስቡት ልኩን ያገኙታል። ከዙሁር በኋላ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ይጥዱታል። መግሪብ ሲደርስ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ማፍጠሪያ ላይ ከቴምሩና ከሳምቡሳው ጋር የሚቀርበው ሾርባ የሚጥመው በረሃብ ብቻ አይደለም።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ያለ ዘመዳችሁ «በ4 ሰዓት ደረሰልኝ» ቢል አትቅኑበት። የናንተ አንድ ሰዓት ቢጨምር አይግረማችሁ።

ፕሬሸር ኩከር ቢጠቀሙ ጣዕሙ ይቀንሳል?

ብዙም አይቀንስም። በ2 ሰዓት የ6 ሰዓቱን ሥራ ይሠራል። ለከፍታችንም ሁነኛ መፍትሔ ነው፤ ታፍኖ ስለሚፈላ ሙቀቱ ከ94 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የሚቀርባችሁ እየቀመሱ ማስተካከል ነው።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አረፋውን ሙሉ በሙሉ ገፍፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ክደኑት፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። ከሁለት ሦስተኛ በላይም አትሙሉት። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ደግሞ ክዳኑን አትታገሉት።

ከሰል ላይ ጥጄው ልተኛ እችላለሁ?

አይቻልም። ከሰል ለሾርባ ምርጥ እሳት ነው፤ አመድ ለበስ ሲያደርግ ድስቱ በራሱ ረጋ ብሎ ይበስላል። መብራት ሲሄድም ያለን እሱ ነው። ግን ዝናብ ሲሆን ምድጃውን ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ሾርባው ቀን ይሠራ፤ ምድጃውም በረንዳ ላይ ወይም በሩ ወለል ያለ ማድቤት ውስጥ ይሁን።

መብራት መሐል ላይ ከሄደባችሁና ከሰል ከሌለ፣ ድስቱን ሳትከፍቱ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲመጣ እንደገና አፍልታችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ሳይመጣ ከመሸ ግን ለብ ባለበት እንዳይድር ከጎረቤት እሳት ለምኑለት።

መቅኒውን መብላት እፈልጋለሁ፤ ግን ሁሌ ባዶ አጥንት ይሆንብኛል። ለምን?

ስድስት ሰዓት ስለፈላ ነዋ። መቅኒው ቀልጦ ሾርባው ውስጥ ገብቷል። መቅኒ ፈላጊ ካለ ቅልጥሙ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እንደፈላ ይውጣ። ሰሃን ላይ ኳ ኳ ሲደረግ ይወጣል። ሚጥሚጣ ነስነስ፣ ከዳቦ ጋር። ከዚያ ባዶውን አጥንት ወደ ድስቱ መልሱት፤ ሥራው አላለቀም።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ መቅኒው ለማን እንደሚደርስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ጠብ የሚነሳው በሱ ነው።

ሾርባዬ ይሸታል፤ ምን ላድርግ?

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ውሃ አልተደፋም፤ ወይም አጥንቱ የቆየ ነው፤ ወይም የሽማግሌ ፍየል ነው። የመጀመሪያው ከሆነ በሚቀጥለው ታስተካክሉታላችሁ። ላሁኑ ዝንጅብል ጨምሩ፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ ግፈፉ፣ ሲቀርብ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። የጠረኑ ብዙ ክፍል ያለው ስቡ ላይ ነው።

አጥንቱን በሎሚና በጨው ማሸት ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ደሙን አያወጣም። የመንከሪያውንና የ10 ደቂቃውን ሥራ አይተካም።

አጃ፣ ገብስ ወይስ ሽርክት ልጨምር?

ለማፍጠሪያ አጃ የለመደ በአጃ ይሥራ፤ ለስላሳ ነው፣ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። የስንዴ ሽርክት ጥርስ ላይ የሚቆይ ነገር ለሚወድ ነው፤ እንደ አደቃቀቁ ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ገብስ በመሐል ነው። እኔ ወደ ሽርክት አደላለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ዋናው ድስት ላይ አትጨምሩት። መረቁን አጥልሉና ለዛሬ የሚበቃውን ቀንሳችሁ በሌላ ድስት እህሉን አብስሉበት። አጃ የገባበት ሾርባ አድሮ ገንፎ ይሆናል፤ ንጹሕ መረቅ ግን ነገ ለሌላ ነገር ይሆናል። ሽሮ እንኳ በመረቅ ሲሠራ ሌላ ነው፤ በፆም ቀን እንዳታደርጉት እንጂ።

ፍሪጅ ውስጥ እንደ ጄሊ ረጋብኝ። ተበላሸ?

እንኳን ደስ አላችሁ፤ አልተበላሸም። ከጅማቱና ከለስላሳው አጥንት የወጣው ጄላቲን ነው የረጋው። ሲሞቅ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የሚንቀጠቀጥ ሾርባ በደንብ የተሠራ ሾርባ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ደግሞ ስብ ነው፤ በማንኪያ ይነሳል። አትጣሉት፣ ድንች ጥበሱበት።

ሳይረጋ ውሃ እንደሆነ ከቀረ ውሃው በዝቷል፣ መገጣጠሚያው አንሷል፣ ወይም ቸኩላችኋል። መልሳችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አፍሉትና ይቀንስ።

ስንት ቀን ይቆያል?

ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን። ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር ጣዕሙ ሳይጓደል ይቆያል። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ በቅበላ ሰሞን የተሠራ መረቅ በረዶ ሆኖ ፋሲካን ያያል። በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ የሚፈለገው ብቻ ይውጣ።

ድስቱን ምድጃ ላይ ማሳደር ግን ይቅር። «ጠዋት አፈላዋለሁ» የሚለው አያስተማምንም። ለብ ያለ መረቅ ውስጥ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። መብራት ሄዶ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቀልጦ ከሞቀ ይደፋ። ያሳዝናል፤ ግን ይደፋ።

አጥንት ለተሰበረ ሰው፣ ለአራስ፣ ለሪህ በሽተኛ ጥሩ ነው?

«አጥንት ይጠግናል» የሚለውን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። እውነቱ፣ ሾርባው ውስጥ የሚገባው ካልሲየም ትንሽ ነው፤ ወተት በብዙ ይበልጠዋል። ያም ሆኖ ምግብ ለማይገባለት ሰው ትኩስ፣ ጨዋማና ቀላል ፈሳሽ መሆኑ ራሱ ይጠቅማል። የታመመ ሰው ጥየቃ ሾርባ ይዤ መሄዴን አልተውኩም። ሐኪም ግን አይተካም። ለአራስም እንዲሁ፣ ከገንፎዋና ከአጥሚቷ ጎን ይሁን።

ሪህ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ለረጅም ሰዓት የፈላ የሥጋ መረቅ ዩሪክ አሲድን ሊጨምር ይችላል። ደም ግፊት ያለበት ደግሞ የሱን ድርሻ ጨው ሳይገባ ይቅዱለት።

ኢንተርኔት ላይ ያየሁት አሠራር በአሳማ አጥንት ነው። በበሬ ይሆናል?

ይሆናል። እስያ ውስጥ የአሳማ አጥንት ሾርባ የታወቀ ነው፤ ቪዲዮዎቹም የሚመጡት በብዛት ከዚያ ነው። እዚህ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ ስለማይበላ አጥንቱን መቀየር ግድ ነው። ዘዴው ግን ያው ነው፦ ማፍላት፣ ውሃውን መድፋት፣ ማጠብ፣ እንደገና መጣድ። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። ለአሳማ 3 ሰዓት ካለ ለበሬ እጥፍ አድርጉት።

ጃፓኖች «ቶንኮትሱ» የሚሉት ወተት የመሰለ ሾርባ ደግሞ ወተት የለበትም። የአሳማ አጥንት ሆን ተብሎ በኃይለኛ እሳት ለሰዓታት ሲንተከተክ ስቡ ከመረቁ ጋር ተዋህዶ ያነጣዋል። ከላይ «አይንተክተክ» ያልኩት ጠራ ያለ ሾርባ ለሚፈልግ ነው። ነጩን የሚፈልግ እሳቱን ይልቀቀው፣ ትኩስ ውሃ እየጨመረ። በበሬ አጥንትም ይነጣል፤ ኮሪያዎች «ሶልሎንግታንግ» የሚሉት ነጭ ሾርባ ከበሬ አጥንት ነው የሚሠራው። የማታውቁት ቅመም ከተዘረዘረ ደግሞ በዝንጅብልና በኮረሪማ ተኩት። ጣዕሙ ያው አይሆንም፤ የኛ ይሆናል።

እንግዳዬ የሌላ እምነት ተከታይ ነው። ሾርባ ላቅርብለት?

ጅማ ላይ ይሄ ጥያቄ የማይገጥመው ቤት ጥቂት ነው። ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ለሁለቱም ወገን ትልቅ ጉዳይ ነው። «መረቅ ብቻ ነው፣ ሥጋ የለበትም» ብሎ ማለፍ አይሠራም። መረቁ የሥጋው ነው። ሳይነግሩ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው።

ቀላሉ መንገድ የምስር ሾርባ ነው። እንግዳው ቅልጥም ካማረው ደግሞ ለሠርግ ሁለት ማድቤት እንደምናዘጋጀው ማድረግ ነው፦ አጥንቱ ከሱ ወገን ሥጋ ቤት ይገዛ፣ ድስቱም ይለይ። ጎረቤቴና እኔ ባለፈው ረመዳን እንዲህ አደረግን። አጥንቱም ድስቱም ጭልፋውም የሷ፣ ከሰሉ የኔ። እኔ አረፋ ስገፍ እሷ ኮረሪማውን ወቀጠች። ጨዉን እንድቀምስላት ግን አልፈቀደችም፤ «አንቺ ጨው ታበዣለሽ» ብላ።